ደረታችን ስላልወጋን ስቴንቱ ተሸፍኗል ማለት አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ልብ ሕመም ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥሩ ነበር፤ ስቴንት፣ ማለትም የጠበበውን የልብ ደም ስር ከፍቶ የሚይዘው ትንሽ ቱቦ፣ ከገባ በኋላ ያለውን ጊዜ ግን በአንድ መስመር አልፋችሁታል። ታካሚው ቶሎ ወደ ሥራው ይመለሳል አላችሁ፣ አለቀ። ሰውየውስ ይመለሳል፣ የደም ስሩ ግን ገና ነው።

እኔ የምሠራው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። ስቴንት የገባላቸው ሰዎች ደም እንዳይረጋ የሚከላከሉት ሁለት መድኃኒቶች፣ አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል፣ ታዞላቸው ይመጣሉ። መጀመሪያ ሁለቱንም ይገዛሉ። ትንሽ ቆይተው «ልጄ፣ አስፕሪኑን ብቻ ስጪኝ፣ ያኛው ተወደደ፣ ደግሞ ኢኮ ተነስቼ ደህና ነህ ብለውኛል» ይላሉ። መወደዱን አልክድም። ኢኮው (የልብ አልትራሳውንዱ) ግን የልብ ጡንቻው እንዴት እንደሚሠራና ቫልቮቹ እንዴት እንደሚከፈቱ እንጂ ስቴንቱ ይሸፈን አይሸፈን አያሳይም። የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚመዘግበው ኢሲጂም አያሳይም።

ስቴንት የብረት መረብ ነው። ብረቱ ለሰውነት ባዕድ ስለሆነ ደም እላዩ ላይ ሊረጋ ይችላል። የደም ስሩ ግድግዳ ቀስ እያለ ስስ ሽፋን ያበቅልበታል፤ መዳን የምንለው ይህንን ነው። አሁን በብዛት የሚገባው ስቴንት ደግሞ መድኃኒት የተቀባ ነው፤ መድኃኒቱ ሥጋ በዝቶ ስሩን መልሶ እንዳይዘጋው ይከላከላል፣ በዚያው ግን ሽፋኑንም ያዘገየዋል። በ2006 እ.ኤ.አ. የልብ ሐኪሞችን ያስደነገጣቸው ይኸው ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ባለ መድኃኒት ስቴንቶች ከዓመት በኋላም ደም የሚረጋባቸው ሰዎች ነበሩ። የዛሬዎቹ በጣም ተሻሽለዋል።

ታዲያ ሽፋኑ በምን ይታያል? በአንጂዮግራፊ (ፈሳሽ ተረጭቶ በሚነሳ የደም ስር ራጅ) አይታይም፣ እሱ ደም የሚያልፍበትን ቀዳዳ ነው የሚያሳየው። በስሩ ውስጥ በቀጭን ቱቦ (ካቴተር) የሚገባ አልትራሳውንድ አለ፣ አይቫስ ይሉታል። ግድግዳውን ዘልቆ ያያል፣ ስቴንቱ በደንብ መከፈቱን ለማየት ጎበዝ ነው፤ ከ100 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) በታች የሆነ ስስ ሽፋን ግን ያመልጠዋል። ኦሲቲ የሚባለው በብርሃን ነው የሚሠራው፣ ከ10 እስከ 20 ማይክሮን ድረስ ለይቶ ስለሚያይ የብረቱ ክሮች አንድ በአንድ ተሸፍነው እንደሆነ ይቆጠርበታል። ደም ብርሃኑን ስለሚጋርደው ለጥቂት ሰከንድ ብዙውን ጊዜ ለራጅ በሚረጨው ፈሳሽ (ኮንትራስት) ታጥቦ መወገድ አለበት፣ ፈሳሹ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል ለኩላሊት ሕመምተኛ ይህ ራሱ ሐሳብ ነው። ደግሞ ኦሲቲም ቢሆን ሁሉን አያይም፤ ፋይብሪንን (ደም ሲረጋ የሚሠራውን ክር) ከእውነተኛ ሽፋን መለየት ይቸግረዋል፣ የአንድ ሴል ውፍረት ያለውን የውስጥ ገበርማ ጭራሽ አያየውም። ስለዚህ የተሻለው ዓይን እንኳን «ተሸፍኗል» ይላል እንጂ «ድኗል» ብሎ አይምልም።

ይህ ምርመራ ውጭ አገርም ለእያንዳንዱ ሰው እየተደገመ አይደረግም፣ እናንተም «ሁሉም ይታይ» ብላችሁ እንዳትጽፉብኝ። ለዚህ ነው ሁለቱም መድኃኒቶች አብረው የሚወሰዱበት ጊዜ በመመሪያ የሚወሰነው፦ ብዙውን ጊዜ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ላልነበረበት 6 ወር፣ ለነበረበት 12 ወር፣ የመድማት ሥጋት ላለበት ደግሞ ሐኪሙ ያሳጥረዋል። ሐኪሙ ነው የሚያሳጥረው፣ የሰፈር ሰው አይደለም! ጥርስ ሊነቅሉ ሲሉም መድኃኒቱን በራሳቸው የሚያቆሙ አሉ፤ መጀመሪያ ስቴንቱን ላስገባው ሐኪም ይደውሉ።

በሚቀጥለው እትም የልብ ሐኪም ጋብዛችሁ ይህንኑ አስረዱልን። የክሎፒዶግሬልን ዋጋ ነገርም አስመጪዎቹን ጠይቁልን፣ እኛ ባንኮኒው ላይ ቆመን መልስ አጥተናል።

ከቱሉ ዲምቱ