ለቡድን ላልተመረጡ ተማሪዎች አንድ ሜዳ፦ ከጎንደር የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ትምህርት ተከፍቶ ጥቂት ሳምንት ሳይሞላ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የስፖርት ቡድን ይመርጣሉ። የስም ዝርዝሩ ከተለጠፈ በኋላ ሜዳውም ኳሱም አሠልጣኙም የተመረጡት ነው። መምህሩ ላይ መፍረድ አይቻልም፤ በአንድ ሜዳና በጥቂት ኳስ ለውድድር የሚደርስ ቡድን ማዘጋጀት አለበት። ሒሳቡ ግን ግልጽ ነው። ለእግር ኳስ 11 ተሰላፊና ጥቂት ተጠባባቂ፣ ለመረብ ኳስ 12 ያህል ይያዛል፤ ከዚያ ውጭ ያለው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለ ተማሪ በሙሉ ቆሞ ያያል። ማየት ሲሰለቸው የሚሄድበት አይጠፋም፦ ጆተኒ፣ ፑል ቤት፣ ፕሌይስቴሽን ቤት። ሁሉም ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ ሴት ልጆች ደግሞ እዚያም ቦታ የላቸውም።

በ15 ዓመት የሚደረግ ምርጫ ብዙ ጊዜ ከችሎታ ይልቅ ቁመትን ይመርጣል። ወንዶች በአማካይ በ13 እና በ14 ዓመታቸው መካከል ነው በፍጥነት የሚረዝሙት፤ ሴቶች ሁለት ዓመት ያህል ይቀድማሉ። ይሁንና አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ስለሚያድግ፣ የአንድ ክፍል ልጆች በሰውነት የሁለት ሦስት ዓመት ልዩነት ሊኖራቸው ይችላል። ዘንድሮ አጭር ነህ ተብሎ የተመለሰ ልጅ በ17 ዓመቱ ከመራጩ በላይ ሊረዝም ይችላል፤ እስከዚያ ግን ኳስ ካልነካ ቁመቱ ብቻውን ምንም አይሠራለትም። ጤናውም አለ፦ የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ልብ የሚያፈጥን እንቅስቃሴ፣ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ደግሞ ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። ይህ የተባለው ለተመረጡት ብቻ አይደለም።

ስለዚህ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ምርጫ የሌለበት፣ የመጣ ሁሉ የሚጫወትበት የመረብ ኳስ ሜዳ።

«ለምን እግር ኳስ አይሆንም?» የሚል እንደሚበዛ እናውቃለን። በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ባነሣው በፋሲል ከነማ ከተማ ውስጥ ይህን መጠየቅ ያለ ነው። ችግሩ ቦታው ነው። ጎንደር ተዳፋት ከተማ ናት፤ ለሙሉ እግር ኳስ ሜዳ የሚሆን ደልዳላ መሬት ቢገኝም ሌላ ፈላጊ አያጣም። የመረብ ኳስ መጫወቻ 18 በ9 ሜትር ነው፤ በዙሪያው 3 ሜትር ነጻ ቦታ ሲጨመር 24 በ15፣ ማለትም 360 ካሬ ሜትር ይሆናል። ይህን ያህል ቦታ በየሠፈሩ ይገኛል። በዚያ ላይ ተጫዋቾቹ በዙር ስለሚቀያየሩ ደካማው ልጅ ጥግ ይዞ አይቀርም፤ ተራው ሲደርስ የግድ ሰርቭ (የማስጀመሪያውን ኳስ) ይመታል። እግር ኳስ ላይ ኳስ እምብዛም ሳይነካ 90 ደቂቃ የሚያሳልፍ ልጅ ሞልቷል።

አሁን ወደ መሬቱ። በአካባቢያችን ብዙ ቦታ ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ላዩን ደልድሎ መረብ መትከል በአንድ ክረምት የሚበላሽ ሥራ ነው፤ ስንጥቁ ውስጥ የገባ ቁርጭምጭሚት ደግሞ ይወለማል። ስለዚህ 20 ሴንቲ ሜትር ዋልካ ተጠርጎ ይወጣና 30 ሴንቲ ሜትር ሰሌክት (የማያብጥ የሙሌት) አፈር ይገባል፤ ሜዳው ከዙሪያው 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ይህ ተጠቅጥቆ 108 ሜትር ኪዩብ ነው። ሳይጠቀጠቅ ሩብ ያህል ስለሚበልጥ 135 ይሆናል፤ አንድ ሲኖ (ገልባጭ መኪና) 16 ሜትር ኪዩብ ቢጭን 9 ሲኖ ያስፈልጋል። አፈሩ እያንዳንዱ 10 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሦስት ንብብር ውኃ እየተረጨ በሮለር ይጠቀጠቃል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ገልብጦ ሮለር ማስኬድ ቀን ያተርፋል፤ የሚጠነክረው ግን ላዩ ብቻ ስለሆነ በመጀመሪያው ዝናብ ይሰምጣል። የመጨረሻው ንብብር በወንፊት የተነፋ ይሁን። ልጅ ኳስ ለማዳን ሲወድቅ ጉልበቱን የሚልጠው ጥፍር የምታህል ጠጠር ናት።

የውኃ መፍሰሻው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከቤት ውጭ ላለ ሜዳ የጨዋታው ሕግ በአንድ ሜትር 5 ሚሊ ሜትር ተዳፋት ይፈቅዳል። ከፍታው ከመረቡ ሥር ሆኖ ወደ ሁለቱ ጫፎች ይውረድ፤ በ12 ሜትር 6 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ከፍታውን ርዝመቱን ተከትሎ በመሃል ካስኬዱት ግን መረቡ መሃል ላይ ትክክል ሆኖ ሳለ ጎንና ጎኑ ከመሬት የሚርቀው ይጨምራል። ሕጉ በዳርና በመሃል መካከል የሚፈቅደው ልዩነት 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።

ምሰሶ ላይ ያለው ቁጠባ ሌላው ወጥመድ ነው። የብረት ቧንቧ 6 ሜትር ሆኖ ስለሚሸጥ በያጁ «አንዱን ለሁለት ልቁረጠው» ይላል። ምሰሶው ከመሬት በላይ 2.55 ሜትር መሆን አለበት፤ 3 ሜትር ተቆርጦ ከተተከለ መሬት ውስጥ የሚቀረው 45 ሴንቲ ሜትር ነው። መረቡ በደንብ በተወጠረ ቁጥር ወደ ውስጥ ይጋደማል፤ ከዚያ መረቡን ማላላት ይመጣል፣ መሃሉ ይረግባል፣ ጨዋታውም ጨዋታ አይሆንም። ስለዚህ ሁለት ባለ 3 ኢንች ጋላቫናይዝ ቧንቧ እንጠይቃለን፤ ከእያንዳንዱ 3.30 ሜትር ይቆረጣል፤ 75 ሴንቲ ሜትሩ መሬት ውስጥ ይገባል። የሚተርፉት ሁለት 2.70 ሜትር ቁራጮች አይጣሉም፤ ለመንጠልጠያ ብረት ቋሚ ይሆናሉ።

ምሰሶው በቀጥታ ኮንክሪት ውስጥ አይቀበርም። 75 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለ 4 ኢንች ቧንቧ በኮንክሪት ይቀበርና ምሰሶው እሱ ውስጥ ይቆማል፤ ሲያስፈልግ ይነቀላል። ጉድጓዱ 60 በ60፣ ጥልቀቱ 85 ሴንቲ ሜትር ነው። ከሥሩ 10 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ብቻ ይደረግ፤ አለዚያ ውኃ ቧንቧው ውስጥ ታቁሮ ምሰሶውን ከሥሩ ያዝገዋል። በ1 ለ 2 ለ 3 (ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር) ቅልቅል ለሁለቱ ጉድጓዶች 5 ከረጢት ሲሚንቶ ይበቃል። ሰባት ቀን ውኃ እየጠጣ ይቆይ፤ በሦስተኛው ቀን መረብ ሰቅለን እንሞክረው የሚል ሁልጊዜ አይጠፋም፣ አትስሙት። በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል 10.5 ሜትር ይሁን። መንጠቆ በሦስት ከፍታ ይበየዳል፦ 2.43 ለወንዶች፣ 2.24 ለሴቶች፣ 2.10 ለጀማሪ። ጀማሪን በ2.43 ማስጀመር ኳስ ወደ ሰማይ መወርወር ብቻ ያስተምረዋል። ምሰሶው እስከ 1.80 ሜትር ድረስ በአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ይጠቀለላል።

መስመሩን በኖራ ማስመር የተለመደ ነው፤ ግን ኖራ ዓይን ያቃጥላል፣ በየሳምንቱም ይጠፋል። 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የናይሎን ማንገቻ በሚስማር ተመቶ መሬት ላይ ቢነጠፍ ይሻላል፤ የሚስማሩ ራስ ጨርሶ መቀበሩ በየሳምንቱ ይታያል። ዙሪያው 54 ሜትር፣ የመሃልና ሁለቱ የማጥቂያ መስመሮች 27፣ በጠቅላላ 81 ሜትር ነው። ልብስ ሰፊዎችና ሻንጣ የምትሠሩ ይህን ብትሸፍኑልን አንድ ትልቅ ራስ ምታት ይቀርልናል።

ኳስ 12 እንፈልጋለን፤ ሁለት ለግጥሚያ፣ አሥሩ ለልምምድ። የልምምዶቹ ላያቸው ጎማ ይሁን፤ በማጣበቂያ የተለጠፈ ለስላሳ ቆዳ አፈር ላይ ቶሎ ይላጣል። ርካሽ የላስቲክ ኳስ አታምጡልን፤ ክንድ ያቃጥላል፣ ልጁም በማግስቱ አይመለስም። ከኳሱ ጋር ሁለት የእጅ ፓምፕ፣ አንድ የግፊት መለኪያና 20 መርፌ ያስፈልጋል። የመረብ ኳስ ግፊት በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ0.30 እስከ 0.325 ኪሎ ግራም ነው። የጎሚስታ ኮምፕረሰር የተሠራው የዚህን ስድስት ሰባት እጥፍ ለሚፈልግ የመኪና ጎማ ነው፤ እዚያ የተነፋ ኳስ እንቁላል መስሎ ይመለሳል። መርፌውንም ሳያርሱ መክተት የኳሱን ከረጢት ይቀድዳል፤ ጠብታ ውኃ ይበቃዋል። በውጭ ያላችሁና ለጥምቀት የምትመጡ፣ ኳስ በሻንጣ ስታመጡ ጥቂት አየር ተዉበትና አንዱን ጎን ወደ ውስጥ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ግፉት፤ ጨርሶ ባዶ አድርጋችሁ ካጠፋችሁት መታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በአንድ ክፍለ ጊዜ 24 ልጅ፣ ስድስት ስድስት ሆኖ አራት ቡድን። ሁለቱ ይጫወታሉ፣ ሦስተኛው ይዳኛል (ሁለት ዳኛ፣ ሁለት የመስመር ዳኛ፣ አንድ ነጥብ መዝጋቢ፣ አንድ ኳስ አቀባይ)፣ አራተኛው ከሜዳው ውጭ ባለው ቦታ በቅብብል ይለማመዳል። በ12 ደቂቃ ሁሉም ይቀያየራል፤ ያሸነፈም ይወጣል። «ያሸነፈ ይቀራል» የሚባለው የሠፈር ልማድ እዚህ አይሠራም፤ ጎበዞቹ ማምሻውን ሜዳ ላይ ይውሉና ለቡድን ያልተመረጠው ልጅ ለሁለተኛ ጊዜ ይቀራል። በፈረቃ የሚማሩ ስላሉ ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋትም ከሰዓትም እንከፍታለን። ሴቶች ብቻቸውን የሚጫወቱባቸው ቀናት ይኖራሉ፤ እነዚያ ክፍለ ጊዜዎች 11 ሰዓት ላይ ያበቃሉ፣ ሳይመሽ ቤት እንዲገቡ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። በጾምና በረመዳን ዝላይና ሩጫ ይቀነሳል፤ ሰርቭ፣ ቅብብልና የዳኝነት ትምህርት ይበዛል። በማንኛውም ክፍለ ጊዜ ሁለት አዋቂ ይገኛሉ፤ አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን አይቆይም።

መረብ ኳስ ለማይወድ ልጅ ብዙ የማያስወጡ ሌሎች ነገሮችም አሉ። ሩጫ ጫማ ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ጀማሪ አንድ ደቂቃ እየሮጠ ሁለት ደቂቃ ይራመድ፣ አስፋልት ቁልቁለትም አይሩጥ፣ የቅልጥም ሕመም ከዚያም ይመጣል። የገና ጨዋታ ዱላና ጥንግ እንጂ በጀት አይፈልግም፤ ቅልጥም እንዳይሰበር ግን ዱላ ከጉልበት በላይ አይነሣም የሚል ሕግና እሱን የሚያስከብር ዳኛ ያሻዋል። ጠረጴዛ ቴኒስ ለቀጣዩ ዙር አቆይተነዋል።

ጥሬ ገንዘብ ከመሰብሰብ ይልቅ በዕቃና በሥራ መቀበልን መርጠናል፤ የብረትና የሲሚንቶ ዋጋ ሲለዋወጥ የዛሬ ግምት ለነገ አይሆንም። ሲኖ ያላችሁ አንድ ምልልስ፣ በያጆች የግማሽ ቀን ብየዳ፣ ሮለር ያላችሁ ሦስት ግማሽ ቀን፤ ለእያንዳንዱ ንብብር አንድ። በስፖርት ሳይንስ የተመረቃችሁና የቀድሞ ተጫዋቾች በሳምንት ሁለት ሰዓት፤ ነርሶች የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑን ማሟላትና አጠቃቀሙን ማሳየት። በገንዘብ የምትረዱ በአካባቢያችን እድር ገንዘብ ያዥ በኩል ለየትኛው ዕቃ እንደሆነ አስጽፋችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ የሚወጣው በሦስት ሰው ፊርማ ነው። የሂሳብ ቁጥሩ የሚገኘው በእድሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ብቻ ነው፤ በስልክ ወይም በቴሌግራም ሌላ ቁጥር ከተሰጣችሁ አትላኩ።

ቁፋሮው ዝናቡ ካበቃ በኋላ በጥቅምት ይጀመራል፤ አፈሩ በኅዳር፣ ምሰሶው በታኅሣሥ ይገባል። መጀመሪያ የሚያስፈልጉን 9ኙ ሲኖ አፈር ናቸው፤ ኳስ የምትሰጡ እስከ ጥር ብትቆዩም እንደርሳለን።