ውርጩ ሲላላ የጓሳን ድንበር ማን ይጠብቅ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምድር ሙቀት መጨመር በዱር እንስሳት ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት የምታወጧቸውን ጽሑፎች በትኩረት እከታተላለሁ። አብዛኞቹ ነገሩን ከድርቅና ከጎርፍ ጋር ያያይዙታል። እኛ በሰሜን ሸዋ ደጋ የምንኖር ሰዎች የምንሰጋው ግን ዝግ ብሎ ሽቅብ ስለሚወጣ ሌላ አደጋ በመሆኑ፣ በመንዝ ጓሳ ጉዳይ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የሣር ምድር ነው። በዓለም ላይ ከቀሩት 500 የማይሞሉ ቀይ ቀበሮዎች ጥቂቶቹ የተጠለሉት በዚሁ ነው። የቀበሮው ኑሮ በአይጥ፣ የአይጡም ኑሮ በሣሩ ነው። ቀበሮው አንገቱን ዝቅ፣ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ከአይጥ ጉድጓድ አፍ ላይ ሲያደባ፣ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብለው ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር ይነጫሉ፤ ሲያልፍ አይሸሹትም፣ እርሱም ግልገሎቻቸውን ብዙ ጊዜ አይነካም። ተመራማሪዎችም ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ ሲያድን አይጥ የመያዝ ዕድሉ ከፍ እንደሚል እዚሁ ጓሳ ላይ አይተዋል።

ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይቀዘቅዛል። እንግዲያው አየሩ በ1 ዲግሪ ሲሞቅ የደጋውና የውርጩ ወሰን በግርድፉ 150 ሜትር፣ በ2 ዲግሪ ሲሞቅ ደግሞ 300 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይገፋል ማለት ነው። የጓሳ ከታች እስከ ላይ ያለው የከፍታ ልዩነት በጠቅላላው 500 ሜትር ነው። በዝቅተኛ ቦታ የሚኖር አውሬ ሲሞቀው ወደ ደጋ ሊወጣ ይችላል፤ የተራራው ጫፍ ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ ግን ከዚያ ወዲያ የሚወጣበት የለውም።

እዚህ ላይ ነው የእኛ የሰዎቹ ድርሻ የሚመጣው። ለዘመናት የጓሳን የታችኛውን ድንበር ከደንብና ከዘበኛ ባልተናነሰ የጠበቀው ውርጩ ነው፤ ገብስ ዘርቶ በውርጭ የተመታ ገበሬ በዓመቱ ያንን መሬት አያርሰውም ነበር። ብርዱ ሲላላ ትናንት የማይበቅልበት ቦታ ለገብስ ይመቻል፤ መሬት የጠበበው ወጣት ሞፈርና ቀንበሩን ይዞ ሽቅብ ቢመለከት ሊፈረድበት አይገባም። የሚፈረድበት ይህን እያወቀ ወሰኑን በጊዜ ያላጸና አስተዳደር ነው። በኢትዮጵያ ከ3,200 ሜትር በላይ ካለው መሬት 60 በመቶ የሚሆነው ወደ እርሻ እንደተለወጠ ጥናቶች ያመለክታሉ። በዚሁ በሰሜን ሸዋ ጎሽ ሜዳ፣ በጎጃምም ጮቄ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ ነበረ፤ ዛሬ ከሁለቱም ጠፍቷል።

መንዞች ለዚህ እንግዳ አይደሉም። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአገሩ ቀደምት አባቶች የአስቦና የጌራ ተወላጆች ቄሮ በሚባለው ሥርዓት አለቃ መርጠው፣ ሣሩን ለተከታታይ ዓመታት ዘግተው፣ ሲደርስ በደንብ ከፍተው ያጭዱት ነበር። ጣሪያው የሚከደነው፣ ገመዱ የሚገመደው ከዚያ ነው። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ርስቱም ሥርዓቱም አብረው ፈረሱ፤ ሣሩም ያለ ጠባቂ ቀረ። በኋላ ማኅበረሰቡ የራሱን ጥበቃ መልሶ አቋቋመ፤ ያለ እርሱ ዛሬ የምንከራከርበት ጓሳ ባልኖረ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ የምጠይቀው በቅድሚያ የእርሻው የላይኛው ወሰን በሕዝቡ ፊት በድንጋይ ምልክት እንዲተከል፣ ከዚያ በላይ ለሚገኝ መሬት የይዞታ ደብተር እንዳይሰጥ ነው። ወሰኑ የሚጸናው ግን በልግ በሚጠፋበት ዓመት ለከብቱ መኖ ሲቀርብ ብቻ ነው፤ ድርቅ ሲመጣ መንጋው ወደ ጓሳ መውጣቱ አይቀርም፣ ከመንጋው ጋርም ውሻው ይወጣል። በባሌ ተራሮች በተደጋጋሚ ቀይ ቀበሮዎችን የፈጀው ከውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ እንደሆነ ይታወቃል። በሙቀትና በእርሻ ተገፍተው ጥቂት ሜዳ ላይ የተጠጋጉ ቀበሮዎች መካከል አንድ የታመመ ውሻ ቢገባ የጓሳው ወገን በአንድ ክረምት ሊያልቅ ይችላል። በዙሪያው ያሉ ቀበሌዎች ውሾች በየዓመቱ መከተብ አለባቸው፤ ክትባቱ ሰውንም ያድናል።

በችግኝ ተከላ ለሚሳተፉ ወገኖቼም አንድ ቃል አለኝ። ዛፍ መትከል መልካም ነው፤ ጓሳ ግን የተራቆተ ተራራ አይደለም። ክፍት የሣር ሜዳ መሆኑ ራሱ ለአይጡ፣ ለቀበሮውና ለጭላዳው ሕይወት በመሆኑ፣ ባሕር ዛፍም ሆነ ሌላ ዛፍ በላዩ እንዳይተከል፤ ተዳፋቱና የተሸረሸረው የታችኛው መሬት ይበቃናል።

ወሰኑን የማጽናቱ ሥራ በማን ኃላፊነት ላይ እንዳለና መቼ እንደሚጀመር የዞኑና የወረዳዎቹ የመሬት አስተዳደር ኃላፊዎች በዚሁ ገጽ ምላሽ እንዲሰጡን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከመሐል ሜዳ፣ ሰሜን ሸዋ