ጳጉሜን የት ጣላችኋት?

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ።

ለጋዜጣ ደብዳቤ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ክፍል ውስጥ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ መልሱ ያለው ግን እኔ ጋ አይደለም። መልሱ ያላቸው ሰዎች ምናልባት ጋዜጣ ያነቡ ይሆናል ብዬ ነው የጻፍኩት።

አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ አፀደ ሕፃናት አስተምራለሁ። ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ነው የቀረኝ። ጠዋት ልጆቹ እስኪረጋጉ መዝሙር እናዘምራለን። ድሮ እኔው እያጨበጨብኩ ነበር፤ አሁን ከስልክ ከፍቼ በስፒከር አሰማቸዋለሁ። ባለፈው ሰሞን አንዲት ወላጅ "ቲቸር፣ ይቺን ሰማሻት? የልጅነታችን መዝሙር በአዲስ መልክ ተሠርታ መጣች እኮ" ብላ በቴሌግራም ላከችልኝ። የወራት መዝሙር ናት፣ እኛ ልጅ ሆነን ከቴሌቪዥን የለቀምናት። ስከፍታት እንባዬ መጣ፣ እውነቴን ነው። ዜማዋ ያው ነው። ከሥር ድራምና ቤዝ ገብቶበታል፣ የዘፋኟም ድምፅ ያምራል። በነጋታው ለልጆቹ ከፈትኩላቸው። ዘለሉ፣ ጨፈሩ፣ ሦስቴ አስደገሙኝ።

ሦስተኛው ላይ አንዱ እጁን አወጣ።

"ቲቸር፣ የኔ ወርስ?"

"ያንተ ወር ማናት?"

"ጳጉሜ።"

ልጁ የተወለደው ጳጉሜ 3፣ በሩፋኤል ዕለት ነው። ያን ቀን ዝናብ ዘንቦ እንደነበር እናቱ ነግራው እሱም ለክፍሉ ሁሉ ነግሯል። እንደገና ከፈትኩና ጆሮዬን ሰጥቼ አዳመጥኩ። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ። ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ። ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ። አለቀ። ከዚያ ድራሙ ብቻውን ይቀጥልና ወደ መስከረም ይመለሳል። ጳጉሜ የለችም።

መዝሙሯን የተማርነው ዶሮ ማነቂያ፣ ጎረቤት ቤት ነው። በግቢያችን ቴሌቪዥን የነበራት አንዲት እናት ብቻ ነበረች፣ እትዬ ነበር የምንላት። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን፣ እግሩ የቆሸሸ ቧንቧ ጋ ሄዶ ታጥቦ፣ ሲሚንቶው ላይ እንኮለኮላለን። ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ ነው፤ በላዩ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጣል። ሰዓቱ ሲደርስ እትዬ ዳንቴሉን ታነሳና አራት ቦታ ታጥፈዋለች። ያን ማጠፍ ስናይ ማንም ሳይናገረን ጸጥ እንላለን። አባባ ተስፋዬ ብቅ ሲሉ ሰላምታቸውን ጮኸን እንመልስ ነበር፤ የሚሰሙን ነበር የሚመስለን። መዝሙር የመጣ ቀን ደግሞ ከዚያ ቤት ስንወጣ እየዘመርን ነው፣ እስከ ማታ፣ ትልልቆቹ "በቃችሁ" እስኪሉን ድረስ።

ያ ግቢ አሁን የለም። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል፣ ጎረቤቱም ተበትኗል። አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ ቤታችን የቱ ጋ እንደነበር ለመለየት ሞክሬ ጠፋብኝ። መዝሙሯ ግን ከነጳጉሜዋ አፌ ላይ አለች።

ስለዚህ እኔ "የድሮውን አትንኩት" ከሚሉት ወገን አይደለሁም። አንሱት! ዝፈኑት! ክፍሌ ውስጥ በእንግሊዝኛ እስከ ሃያ የሚቆጥር፣ በአማርኛ ግን አሥር ላይ ሲደርስ የሚቆም ልጅ አለ፤ አንድ ብቻም አይደለም። ቤት ውስጥ ስልክ ሲሰጠው የሚሰማው በሙሉ የእንግሊዝኛ መዝሙር ነው። በአማርኛ፣ በጥሩ ድምፅ፣ ልጅ የሚያስጨፍር ነገር የሚሠራ ወጣት ለኔ ባለውለታዬ ነው። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። እነዚህ መዝሙሮች ትምህርት የተሸከሙ ናቸው፤ ስታነሷቸው ትምህርቱን አትጣሉት።

የእህቴ ልጅ አቀናባሪ ነው። ፒያሳ አንድ ካፌ ቀጠርኩትና መዝሙሯን አሰማሁት። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ገና ሳይጨርስ ሳቀ። "አክስቴ፣ ገባኝ" አለ። ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ አሳየኝ። "ቢቱ አራት አራት ነው የሚሄደው። አራት ወር፣ አራት ወር፣ አራት ወር፣ አሥራ ሁለት። ጳጉሜ ስትመጣ ትርፍ ትሆናለች፣ ሉፑን፣ የሚደጋገመውን ምት፣ ታበላሽብሻለች። ስለዚህ ቆረጧት።"

ትርፍ ናት እኮ! ትምህርቱ እሱ ነው። አሥራ ሁለቱ ወሮች እያንዳንዳቸው 30 ቀን ናቸው፣ ሲደመሩ 360። የቀረችው 5 ቀን፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 6 ቀን፣ ብቻዋን ተነጥላ መጨረሻ ላይ ትቆማለች። በኛ ጊዜ መዝሙሯም እንደዚያው ነበረች። ነሐሴ ላይ ሁላችንም ዝም እንላለን፣ አንዴ እናጨበጭባለን፣ ከዚያ "ጳጉሜ!" ብለን እንጮሃለን። እኔ ጳጉሜ ከሌሎቹ ወሮች የተለየች መሆኗን ያወቅኩት ማንም ሳያስረዳኝ፣ በዚያች ጭብጨባ ነው። ያቺን ጭብጨባ እዚያ ያስገባው ሰው ልጅ እንዴት እንደሚማር ያውቃል። አዲሱ ቅንብር ላይ ግን እንደ ስህተት ታይታ ተስተካከለች።

ይሄን ካየሁ በኋላ ሌሎቹንም በጥንቃቄ መስማት ጀመርኩ። አንዷ ስለ ንጽሕና ናት። ልጅ እጁን ታጥቦ ይበላል የሚል ሐሳብ አላት። አዲሱ ቅንብር ላይ ድራሙ በትክክል "በ" ላይ ያርፋል፣ ዘፋኙም አብሮ ረገጥ ያደርጋታል። አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ሁሉ ምን እንደሚፈጠር ያውቃል። "ይበላል" ሲላላ ልጁ ምግቡን ይመገባል ማለት ነው፣ ሲጠብቅ ግን ልጁ ራሱ የሌላ ምግብ ይሆናል። ልጆቼ ሰምተው ተያዩ። አንዷ "ማን ነው የሚበላው?" ብላ ፈራች፣ ሌላው ጅብ ነው አላት። አምስት ደቂቃ ጅብ አለመኖሩን ሳስረዳ ቆየሁ። ማጥበቅና ማላላት ጽሑፋችን ላይ ምልክት የለውም፤ ልጅ የሚማረው በጆሮው ብቻ ነው። ዜማው ከተሳሳተ ከፊደሉ አይቶ የሚያርመው ነገር የለም።

ሌላዋ የፊደል መዝሙር ናት፣ እሷ ላይ ደግሞ ሆዴ በጣም ነው የተቃጠለው። ዘፋኟ "ቀ"ን "ከ" ነው የምትለው፣ "ጠ"ን ደግሞ "ተ"። የእህቴን ልጅ ስጠይቀው እንደዚህ ያሉት ድምፆች ማይክ ላይ ኃይል ስለሚያወጡ አንዳንዱ ሰው ሲቀዳ ያለዝባቸዋል አለኝ። እንግዲህ ፊደሉ ለምን ተዘመረ? ንብ አበባ ቀሰመች ማለትና አበባ ከሰመ ማለት የሚለያዩት በዚያች አንዲት ድምፅ አይደለም ወይ? በዚያ ላይ ፍጥነቱ። ፊደላችን 33 በ7፣ 231 ነው። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ በስንደዶ ፊደሉን አንድ በአንድ እየነካ ነው የሚለው፤ እጁ፣ ዓይኑና አፉ እኩል እንዲሄዱ። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ እየተባለ በስም የተለየውም ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ጆሮ ብቻውን ስለማይለያቸው ነው። አዲሱን ስከፍትላቸው ልጆቼ ጣታቸውን ሰሌዳው ላይ አድርገው ሞከሩ። ሁለተኛው መስመር ላይ ጠፋባቸው፣ ከዚያ ጣታቸውን አንስተው መጨፈር ጀመሩ። አልፈርድባቸውም።

"ለልጅ ነው፣ ምን ያውቃል" የሚል ሰው አለ። እንዲያውም ለልጅ ሲሆን ነው መጠንቀቅ ያለብን። አባባ ተስፋዬ ይህንን ያውቁ ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው ቸርችል ጎዳና አናት ላይ ባለው ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነው። እሳቸው ደግሞ ከ40 ዓመት በላይ ከልጆች ፊት ተቀምጠው ተረት አወሩ። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ አያት የሆነ ሰው ሳይቀር እንደ ልጅ ነው ያለቀሰላቸው። በማዘጋጃ ቤት በኩል ሳልፍ አሁንም ቀና ብዬ ሳላይ አላልፍም።

አዲስ ነገር ጥሩ አይሆንም ለማለትም አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጣችውን "ፀሐይ መማር ትወዳለች" የተባለችውን የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም አስታውሱ። ያዘጋጀቻት ብሩክታዊት ጥጋቡ መምህርት ነበረች። ከባለቤቷ ጋር ሆና ከካልሲ በተሠራ የቀጭኔ አሻንጉሊት ነው ሥራውን የጀመሩት፣ ያቺ ቀጭኔ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ፕራይዝ እስከማሸነፍ ደርሳለች። አኒሜሽኑ ቀላል ነው፣ ድምፁም ሰማይ የሚሰነጥቅ አይደለም። ግን እያንዳንዷ ዘፈን ውስጥ ልጁ የሚይዘው ነገር ተቆጥሮ ነው የተቀመጠው። የቀድሞ ተማሪዎቼ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንኳን መንገድ ላይ ሲያገኙኝ እሷን ያነሱብኛል።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። የወራቷ መዝሙር ሥር "ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ" ተብሎ ተጽፏል። የቱ ሕዝብ? "እሹሩሩ" የሕዝብ ናት፣ አበባየሆሽም የሕዝብ ናት። ለቴሌቪዥን የተሠራች መዝሙር ግን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የጻፋት ሰው ነበራት፣ ምናልባትም መምህር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ሥራው እንደተጠበቀ ነው ይላል። ስሙ እንዲጠራ የመጠየቅና ሥራው እንዳይዛባ የመቃወም መብትም ይሰጠዋል። ያ ሰው በ1990 ዓ.ም. እንኳን አርፎ ቢሆን እስከ 2040 ድረስ መዝሙሩ "የሕዝብ" አይደለችም ማለት ነው። እኔ የገንዘቡ ጉዳይ አይደለም የሚያንገበግበኝ። ስሙ ቢታወቅ፣ ወይም ልጆቹ ቢገኙ፣ አንድ ሰው ደውሎ "ጳጉሜን ላወጣት ነው" ሲል "ኧረ እንዳታወጣት!" የሚል ይኖር ነበር። ቴሌቪዥን ጣቢያውም በማህደሩ ካለው የልጆች ፕሮግራም የተረፈውን ከነሠሪዎቹ ስም ቢያወጣልን ለኛ ለመምህራን ትልቅ ነገር ነው፤ ወጣቶቹም መነሻውን ሰምተው ይሠራሉ።

የእህቴ ልጅ ከካፌው እንደወጣን ዝም ብሎ ነበር የሄደው። ከአራት ቀን በኋላ ፋይል ላከልኝ፣ ለክፍሌ ብቻ ብሎ። ክራር አለው፣ ከበሮ አለው፣ ቢቱም ያው የዘመኑ ነው። አራት ወር፣ አራት ወር፣ አራት ወር። ነሐሴ ላይ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። ክራሩም ከበሮውም። አንድ ጭብጨባ። ከዚያ የልጅ ድምፅ ብቻውን "ጳጉሜ!" ይላል፤ የጎረቤቱን ልጅ ነው የቀዳው። ስም በሚጻፍበት ቦታ ላይ "የሕዝብ" አላለም። "ከቴሌቪዥን የልጆች ፕሮግራም፤ ደራሲውን የሚያውቅ ይንገረን" ነው ያለው።

ሰኞ ጠዋት ከፈትኩላቸው። መጀመሪያ ዝምታው አደናገራቸው፣ ስፒከሩ የጠፋ መስሏቸው ወደ እኔ ዞሩ። ሁለተኛው ላይ ግን ጠበቁት። የሩፋኤሉ ልጅ ሐምሌ ሲባል ገና ከወንበሩ ተነሣ። ነሐሴ ሲባል ትንፋሹን ያዘ፣ ጉንጩ ተነፋ። ጭብጨባው ሲመጣ ከሁሉም ቀድሞ ጮኸ። ከዚያ አምስት ጣቱን ዘርግቶ ወደ ጓደኞቹ አሳየ፣ "አምስት ቀን ናት" እያለ። ስድስት የምትሆንበት ዓመትም እንዳለ ስነግረው ሌላኛውን እጁን አይቶ አንድ ጣት ጨመረ።

የዚህችን መዝሙር ግጥምና ዜማ የሠራውን ሰው የምታውቁ፣ ወይም ቤተሰቡ የሆናችሁ፣ እባካችሁ በዚሁ ጋዜጣ ጻፉልን። ስሙን ከፋይሉ ላይ ለመጻፍ ቦታውን ክፍት አድርገን እየጠበቅን ነው።

አንዲት የአፀደ ሕፃናት መምህርት
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ