የጠፋነው ካርታ ማንበብ አቅቶን አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

አዲስ አበባ ስላለው ባለብዙ ሕንፃ የሙዚየም ግቢ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለቴ አነበብኩት፤ በመጀመሪያው ዓይኔን አላመንኩትማ። ስለ ዕድሳቱ፣ ስለ አትክልቱና ስለ ጎብኚው ብዛት የጻፋችሁት ይሁን፣ አልከራከርም። ጎብኚዎች ግቢው ውስጥ መንገድ ይጠፋባቸዋል ካላችሁ በኋላ ምክንያት ብላችሁ የሰካችኋት አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ከንክናኛለች። በተለይ ከክልል የሚመጡት ካርታ የማንበብ ልምድ ስለሌላቸው ይቸገራሉ ትላለች።

እኔ ሐዋሳ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። እንጀራዬ ካርታ ማስነበብ ነው። ስኬሉን፣ ሌጀንዱን፣ የሰሜን ቀስቱን ሳስተምር ጥርሴን የነቀልኩ ሰው ነኝና ነገሩ ቢያንገበግበኝ አይፈረድብኝም።

ለመሆኑ ይህን ማን ነገራችሁ? ዘገባው ውስጥ ቃላቸውን የሰጡት የግቢው ሠራተኞችና አንድ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ናቸው። ከዚያ በር ላይ ከየክልሉ የመጡ የተማሪ አውቶቡሶች ተደርድረው ይውላሉ። ዘጋቢያችሁ ወደ አንዱ ጠጋ ብሎ «ምን አስቸገራችሁ?» ለማለት ጊዜ አላገኘም መሰለኝ። ስለ እኛ ለመጻፍ ግን አላነሰውም።

እስቲ ያልጠየቃችሁኝን ልንገራችሁ። እኔም ተማሪዎቼን ይዤ እዚያው ግቢ ሄጃለሁ። ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወላጅ ከኪሱ አዋጥቶ፣ ልጆቹ ሌሊት ተነስተው፣ ግማሾቹ ሻሸመኔ ሳንደርስ መልሰው ተኝተው የተሄደ ጉዞ ነው። በር ላይ ተፈተሽን፣ ስልካችንን አስረክበን ቁጥር ተቀበልን፣ ገባን። እንደገባን ትልቅ የብረት ሰሌዳ ፊታችን ተገተረ። ሕንፃዎቹ ሁሉ በቀለም ተለይተው ተሥለውበታል። «እዚህ ነዎት» የምትለዋ ቀይ ነጥብ ከጎብኚው ጣት ብዛት ቀለሟ ተፍቆ ብረቱ ታይቷል። (ይህ ብቻውን ለሚመለከተው አካል በቂ ሪፖርት ነበር።) ልጆቹ ከበቡት። አንዷ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ ሰሌዳውን አየች፣ ዞር ብላ ተራራውን አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ መጣች።

«ቲቸር፣ ቀስቱ ሰሜን ወደፊት ነው ይላል። እንጦጦ ግን ከኋላችን ነው እኮ!»

ልክ ነበረች። በሩ በግቢው ሰሜን በኩል ነው፤ ሰሌዳውን የሚያነብ ሰው ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ ይቆማል። ካርታው ግን እንደ መማሪያ መጽሐፍ ካርታ ሰሜንን ከላይ አድርጎ ነው የተሣለው። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ በግራ የሚታየው አዳራሽ በእግር ሲኬድ በቀኝ ነው። ከፊት የቀደሙት ልጆቻችን ካርታው እንዳላቸው ወደ ግራ ታጥፈው፣ ከተቆለፈ የጄኔሬተር ቤት ፊት ለፊት ቆመው አገኘናቸው። ብቻቸውንም አልነበሩም። ካርታ የማንበብ ልምድ አላቸው የተባሉት አዲስ አበቤዎችም ልጆቻቸውን ይዘው፣ ያንኑ በር እያዩ ቆመዋል።

ሰሜን ከላይ መሆኑ በራሱ ጥፋት የለውም። በእጅ የያዝነውን ካርታ አዙረን ከመሬቱ ጋር እናገጥመዋለን፤ ተማሪዎቼን መጀመሪያ የማስተምራቸውም ይህንኑ ነው። የተቸነከረውን ብረት ግን ማን ያዞረዋል? ቆመው የሚያነቡት ካርታ ሲሣል ከአንባቢው ፊት ያለው ከላይ፣ በቀኙ ያለው በቀኝ መዋል አለበት። ማርቪን ሌቪን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህን በሙከራ አሳይቷል፤ ካርታው ከቆምንበት አቅጣጫ ጋር ካልገጠመ ሰው በቀላሉ ወደ ተሳሳተ ወገን ይሄዳል። ለንደን ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በየመንገዱ ያቆመቻቸው የእግረኛ ካርታዎችም የሚሣሉት አንባቢው ፊቱን ባዞረበት አቅጣጫ ነው። ለንደኖችም ከክልል ስለመጡ ይሆናል።

አቅጣጫው ቢስተካከል እንኳ ስሙ አለ። ቲኬታችን ላይ «ኤግዚቢሽን 2» የተባለው ቤት ሰሌዳው ላይ «ብሎክ ሐ» ነው። አንድ ሽማግሌ የጥበቃ ሠራተኛ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘንና «አባባ፣ ኤግዚቢሽን 2 የቱ ነው?» አልኳቸው። «እሱን አላውቀውም ልጄ፤ አሮጌውን ግምጃ ቤት ከሆነ ከኋላችሁ ነው» አሉኝ። ያው ቤት ነበር! በአጠገቡ አልፈን ነበር። በእውነቱ ከሆነ ግቢው ውስጥ ካለው ምልክት ሁሉ ትክክለኛው እሳቸው ናቸው። መንገዱ በሚከፈልባቸው ቦታዎች ላይ ምን ተጽፏል እንዳትሉኝ፤ የተጻፈው «ሣር መርገጥ ክልክል ነው» ብቻ ነው።

ዘገባችሁ ያሞገሰው መፍትሔ ደግሞ ይባስ። በስልክ ተቃኝቶ ካርታ የሚያወጣ ኪውአር ኮድ ተለጥፏል አላችሁ። እሰየው! ግን ስልኩ የት ሆኖ? ካርታው ስልካችን ላይ፣ ስልካችን በር ላይ። ዘጋቢያችሁ የፕሬስ ባጁን አንጠልጥሎ፣ ስልኩን በእጁ ይዞ ስለገባ ይህ አልታየው ይሆናል።

በዚያው ጉዞ ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምም ሄደን ነበር። የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። የባህል ዕቃዎቹ የተደረደሩት በሰው የሕይወት ቅደም ተከተል ነው፤ ከልጅነት ይጀምርና በጉልምስና አልፎ ሞት ላይ ይጨርሳል። ተማሪዎቼ የት እንደደረሱና ምን እንደቀራቸው ማንንም ሳይጠይቁ ያውቁ ነበር። ደጁ ላይ ደግሞ ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው፣ ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ፤ በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። «የጠፋ ሰው አንበሳው ጋ ይቁም» አልኳቸው፤ በቃ። ያንኑ ልጅ፣ ያንኑ የክልል ልጅ ነው የምላችሁ። አንዱ ጋ ያልጠፋው ሌላው ጋ ከጠፋ ጉድለቱ የልጁ ነው የግቢው?

የእኛን አገር ነገር ካነሳችሁ አይቀር፣ የሐዋሳ ልጅ ምዕራብ የት ነው ብትሉት በእጁ ሐይቁን ያሳያችኋል። ከቅዱስ ገብርኤል አደባባይ ሐይቁ ዳር እስካለው ፍቅር ሐይቅ አንድ ሰፊ ቀጥ ያለ መንገድ ነው። ይህም ሆኖ አቶቴ ሰፈር ደርሰው «ሐይቁ የት ገባ?» ብለው የደወሉልኝ የአዲስ አበባ ዘመዶች አሉኝ። የአዲስ አበባ ሰው አቅጣጫ አያውቅም ብዬ ለጋዜጣ አልጻፍኩም። ባጃጅ ላኩላቸው።

የግቢው ኃላፊዎችም ይህን ቢያነቡ አይከፋኝም። አዲስ ቅየሳ ወይም አማካሪ ድርጅት አያስፈልጋቸውም፤ ያንኑ ሥዕል ላዩ ታች እንዲሆን ግማሽ ዙር አዙረው፣ ጽሑፉን ብቻ አቅንተው እንደገና ማተም ነው። ሐሳቡ የዚያችው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ገና ጄኔሬተሩ ቤት ፊት ቆመን ሳለ የነገረችኝ።

ከእናንተ የምፈልገው እርማት ነው፤ ዘገባው በወጣበት ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን። ዘጋቢያችሁ ከዚያ በፊት ተመልሶ መሄድ ከፈለገ ባጁን ኪሱ ይክተት፣ ስልኩንም እንደ እኛ በር ላይ አስረክቦ ኤግዚቢሽን 2ን ይፈልግ።

የጂኦግራፊ መምህር
ሐዋሳ