የውኃ ማከሚያ ክፍላችንን ለመጠገንና የፕላዝማ መሣሪያውን ወደ ሥራ ለመመለስ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የማኅበራችን አባላትና ወዳጆች፤

የውኃ ማከሚያ ክፍላችን ጣሪያ በከባድ ዝናብ ተደርምሶ፣ ለፕላዝማው (ውኃውን ለሚያክመው፣ በኤሌክትሪክ ኃይል እንደ መብረቅ ለሚያበራው ጋዝ) ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠው መሣሪያ ከነካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ ከሚያጠራቅሙት ክፍሎቹ ጋር) ውኃ ገብቶበት ከጥቅም ውጭ ሆኗል። በሰው ላይ ጉዳት ባለመድረሱ ፈጣሪን እናመሰግናለን። ያለፈው መዋጮ ከታሰበው ሳይደርስ በቆመበት ሰዓት ዳግመኛ ደጃችሁን ማንኳኳት ለኮሚቴው ከባድ ቢሆንም፣ ዝም ማለት ደግሞ የባሰ ሆኖብናል።

የፕላዝማ መሣሪያው የሚሠራው መብረቅን በትንሹ በመፍጠር ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት እጅግ ላጠረ ቅጽበት በኤሌክትሮዶች (ኤሌክትሪኩ በሚያልፍባቸው የብረት ጫፎች) መካከል ሲለቀቅ ሃይድሮክሲል ራዲካል፣ ኦዞንና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የተባሉ ብርቱ ንጥረ ነገሮች ከአልትራቫዮሌት ጨረር ጋር በአንድነት ይፈጠራሉ፤ እነዚህም የባክቴሪያን ሽፋን ይበጥሳሉ፣ ቫይረስን ያመክናሉ። «ባልተሞከረ ነገር ገንዘባችንን አባከናችሁ» ላሉን አባላት የምንመልሰው፣ ጀርመናዊው መሐንዲስ ቨርነር ፎን ሲመንስ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ኦዞን የሚያመነጨውን መሣሪያ የሠራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1857 መሆኑን፣ የፈረንሳይዋ ኒስ ከተማም ከ1906 ጀምሮ የመጠጥ ውኃዋን በኦዞን ማከሟን ነው። የኤሌክትሪክ ብልጭታውን በቀጥታ ከውኃው ጋር ማገናኘት ከዚያ የተወለደ አዲስ ዘዴ ነውና፣ ጥንቃቄ እንደሚሻ አልደበቅንም።

ያለፈው ገንዘብም የወጣው ለዚሁ ጥንቃቄ ነው። ከመሣሪያው አስቀድመን የአሸዋ ማጣሪያ ያሠራነው፣ በድፍርስ ውኃ ውስጥ ተውሳክ ከጭቃው ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ከጨረሩ ስለሚከለል ነው። በየጊዜው ለላቦራቶሪ የከፈልነው ብዙዎችን አስቆጥቷል፤ ነገር ግን በአየር ውስጥ የሚፈጠር ፕላዝማ ናይትሮጅንን ሲበዙ ሕፃናትን ወደሚጎዱት ናይትሬትና ናይትራይት ስለሚለውጥ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 50 ሚሊግራም ናይትሬትና 3 ሚሊግራም ናይትራይት አለማለፋችንን ሳናረጋግጥ ለሕፃናት የሚጠጣ ውኃ ልናቀርብ አንችልም ነበር። ኤሌክትሮዶቹንም የለወጥናቸው በግድየለሽነት ስለተበላሹ አይደለም፤ እያንዳንዱ ብልጭታ ብረቱን በጥቂቱ ይበላዋል። «ፕላዝማ ካለ ክሎሪን ለምን ገዛችሁ?» ለተባልነው ደግሞ፣ ፕላዝማው ያፈራቸው ብርቱ ንጥረ ነገሮች ፈጥነው ስለሚጠፉ፣ ውኃው በቧንቧና በማጠራቀሚያ ውስጥ ዳግመኛ እንዳይበከል ጥቂት ክሎሪን አብሮት መቆየት አለበት። በዚህ ሁሉ ድካም መሣሪያው በሠራበት ጊዜ ከመጨረሻው ቧንቧ በተወሰደው 100 ሚሊሊትር ናሙና ውስጥ ኢ. ኮላይ (ውኃ በሰገራ መበከሉን የሚያመለክት ባክቴሪያ) አልተገኘም። ይህን ውጤት ያገኛችሁት እናንተ ናችሁ።

አሁን የሚያስፈልገን በቅደም ተከተል ጣሪያው፣ ቀጥሎ የኃይል መስጫው ከነካፓሲተሮቹ፣ ገንዘብ ከተረፈ ደግሞ ተጠባባቂ ኤሌክትሮዶች ናቸው። ጣሪያው ሳይጠገን መሣሪያ አንገዛም፤ ያንኑ ስሕተት መድገም አንፈልግም። የተጠማን ማጠጣት በየሃይማኖታችን የታዘዝነው፣ በጉርብትናም የምንተሳሰብበት ግዴታ በመሆኑ፣ ያለው ከፍ አድርጎ፣ የሌለውም በጉልበቱ እንዲያግዘን በትሕትና እንለምናለን። ሥራው እስኪጠናቀቅ ድረስ የምትጠጡትን ውኃ እስኪንተከተክ አፍሉት።

መዋጮው የሚገባው በአባልነት ደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በተጻፈው የማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ብቻ ነው። ስታስገቡ የአባልነት ቁጥራችሁንና «የጣሪያና የፕላዝማ ጥገና» የሚለውን ቃል እንድታስጽፉ አደራ እንላለን፤ ባለፈው ጊዜ ስም ያልተጻፈበት ገንዘብ የማን እንደሆነ ለመለየት ብዙ ተቸግረናል። የወጪ ሰነዶቹ ለማንኛውም አባል ክፍት ናቸው። ደግመን እናሳስባለን፤ ለኮሚቴ አባልም ቢሆን ገንዘብ እጅ በእጅ አትስጡ፣ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ካለው ቁጥር ውጭ ወደ ሌላ ሒሳብ አታስገቡ፣ ደረሰኙንም አስቀምጡ።

የውኃ ፕሮጀክቱ ኮሚቴ