ስለ ወንድምህ ለጻፍኸልኝ ደብዳቤ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወዳጄ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የእግዚአብሔር ሰላም ባለህበት በዋሽንግተን ይድረስህ። እኔም ቤተሰቤም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን። መጻጻፍ ካቆምን ብዙ ጊዜ ሆኖን ነበርና ደብዳቤህ ሲደርሰኝ እጅግ ደስ አለኝ። ዜናህን ሁሉ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ልቤ የቀረው ግን ስለ ታናሽ ወንድምህ በጻፍኸው ላይ ስለ ሆነ፣ ሌላውን ለሌላ ጊዜ አቆይቼ ዛሬ ስለ እርሱ ብቻ እጽፍልሃለሁ።

ከቤተ ክርስቲያን መራቁ ሳያንስ፣ አንተ ስለ ክርስቶስ ባነሣህ ቁጥር በጓደኞቹ ፊት መስቀሉን መቀለጃ እንደሚያደርገው፣ አንተም ዝም ብትል ጌታህን የካድህ እየመሰለህ እስከ እኩለ ሌሊት እንደምትከራከረው ነግረኸኛል። በመጨረሻም «የተቀደሰውን ለውሾች አትስጡ፣ ዕንቁዎቻችሁንም በእሪያዎች ፊት አትጣሉ» የሚለው ቃል ስለ እንደ ወንድምህ ያለ ሰው የተነገረ እንደ ሆነ ጠይቀኸኛል።

ቃሉ የሚገኝበትን ስፍራ ልብ በልልኝ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ቁጥር 6 ላይ የተጻፈው «አትፍረዱ» ከሚለውና በገዛ ዓይን ስላለው ምሰሶ ከሚናገረው ትምህርት ቀጥሎ ነው። ስለዚህ ጌታችን ይህ ውሻ ነው፣ ያኛው እሪያ ነው እያልን ሰውን እንድንመድብ ፈቃድ የሰጠን አይመስለኝም። የከለከለን የተቀደሰውን ለመረገጥ አሳልፈን እንዳንሰጥ ነው። በጓደኞቹ መካከል ሆኖ የሚሳለቅበትን ቃል ያው ሰው ብቻውን ሲሆን ሊሰማው ይችላልና፣ አንተ መመርመር ያለብህ ሰዓቱንና የልቡን ሁኔታ ነው።

ሄሮድስ ተአምር ለማየት ጓጉቶ በብዙ ቃል በጠየቀው ጊዜ ጌታችን አንዳች አልመለሰለትም፤ በሌሊት ለመጣው ለኒቆዲሞስ ግን ስለ ዳግም ልደት በሰፊው አስተማረው። ቅዱስ ጳውሎስም በኤፌሶን ምኩራብ 3 ወር ያህል ከተነጋገረ በኋላ፣ አንዳንዶቹ እልከኞች ሆነው በሕዝብ ፊት የጌታን መንገድ ሲሳደቡ ደቀ መዛሙርቱን ይዞ ተለያቸውና በጢራኖስ ትምህርት ቤት 2 ዓመት አስተማረ። ኤፌሶን ባለችበት፣ እስያ በሚባለው የሮም አውራጃ የሚኖሩ ሁሉ የጌታን ቃል የሰሙት እርሱ ከክርክሩ ከወጣ በኋላ መሆኑን ሳስብ እጅግ እጽናናለሁ።

ሆኖም ሐዋርያት የእግራቸውን ትቢያ አራግፈው ወደ ሌላ ከተማ ይሄዱ ነበር፤ አንተ ግን ከወንድምህ ጋር ከአንድ ትሪ ትበላለህ። ከክርክሩ ትወጣለህ እንጂ ከወንድምነቱ አትወጣም። ስለዚህ ዝምታህ ኩርፊያ እንዳይመስለው ተጠንቀቅ፤ ከቀለደብህም በኋላ ሻዩን ቅዳለት፣ ስለ ሥራውም ጠይቀው። ቅዱስ ጴጥሮስ ሚስቶች ለቃሉ የማይታዘዙ ባሎቻቸውን ያለ ቃል በኑሯቸው እንዲማርኩ የመከረው፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ለሚኖሩ ሰዎች ነገሩ ምን ያህል እንደሚከብድ ስለሚያውቅ ይመስለኛል።

በኋላ ታላቅ የቤተ ክርስቲያን መምህር የሆነውን የአውግስጢኖስን እናት ሞኒካንም አስባት። ልጇ ማኒ የተባለ ሰው ባስተማረው ኑፋቄ ተይዞ ሳለ፣ አነጋግሮ ስሕተቱን እንዲያስረዳው አንድ ጳጳስን ለመነች። ጳጳሱ ራሱ በልጅነቱ በዚያው ኑፋቄ ውስጥ ያደገ ነበርና እምቢ አላት። ልጁ በአዲሱ ትምህርት ገና ታብዮ ብዙዎችን በክርክር እንደሚያስጨንቅ ሰምቶ ስለ ነበር፣ ለጊዜው እንድትተወውና ጸሎቷን ብቻ እንድትቀጥል፣ እርሱም እያነበበ ስሕተቱን ራሱ እንደሚደርስበት ነገራት። እያለቀሰች ብታስቸግረውም፣ የዚህ ሁሉ እንባ ልጅ ሊጠፋ አይችልም ብሎ አሰናበታት። አውግስጢኖስ በሚላን የተጠመቀው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ387 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ያ ጳጳስ እምቢ በማለቱ ለልጁ ትልቅ ነገር እንዳደረገለት አምናለሁ፤ በዚያን ጊዜ ቢከራከረው ኖሮ የሚጨምርለት እልህ ብቻ ነበር።

አሁን ከደብዳቤህ ውስጥ አንተ በችኮላ ወዳለፍኸው ነገር ልመልስህ። ማታ ከሥራ ስትመለሱ በመኪና ውስጥ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እናታችን አሁን የት ያለች ይመስልሃል?» ብሎ እንደ ጠየቀህ፣ አንተም ሌላ ነገር ሊጭርብህ መስሎህ የትንሣኤን ማስረጃ ትደረድርለት እንደ ጀመርህ ጽፈሃል። ወዳጄ ሆይ፣ ይህ ለክርክር የቀረበ ጥያቄ አይደለም። በዚያች መኪና ውስጥ የሚስቅለት ጓደኛ አልነበረም፤ የናፈቃትን እናቱን ነው የጠየቀህ። ፊልጶስ በጋዛ መንገድ ያገኘውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ያስተማረው ጃንደረባው ራሱ ከጠየቀው ቃል ጀምሮ ነው፤ አንተም ወንድምህ ከጠየቀህ ጀምር።

ደግሞ መጠየቁ አይቀርም። ያን ጊዜ የምታምነውን በአጭሩና በየዋህነት ንገረው፣ አንተም እንደምትናፍቃት አትደብቀው፤ ዝም ካለም ዝም በል። በጓደኞቹ ፊት ለሚናገረው ግን ከእንግዲህ መልስ አትስጥ።

እስከዚያው የክርስትና ስሙን ላክልኝ፤ በጸሎት አስበዋለሁ። መልስህንም እንደ በፊቱ አታዘግይብኝ።

አክባሪ ወዳጅህ