አረንጓዴው ከጉድለቱ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ናኖ ቁሶች፣ ማለትም እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች ስላሏቸው ቁሶች፣ ባወጣችሁት ጽሑፍ «ጉድለት» እንደ ብልሽት ብቻ መታየቱ ቅር አሰኝቶኛል። የፊዚክስ መምህር ነኝ። ለማስተርስ ያጠናሁት ዚንክ ኦክሳይድን ነው፤ የሕፃናት ሽፍታ ክሬም ውስጥ ያለውን ያንን ነጭ ዱቄት። ክፍሉን አጨልመን ዓይን የማያየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ስናበራበት አረንጓዴ ፈካ። ክው አልኩ! የቁሱ የራሱ ብርሃን የሞገድ ርዝመት 380 ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) አካባቢ ነው፤ ዓይን እምብዛም አያየውም። አረንጓዴው ግን፣ 500 ናኖሜትርን አለፍ የሚለው፣ ከክሪስታሉ፣ ማለትም በሥርዓት ከተደረደሩት አቶሞች፣ ጉድለት የሚመጣ ነው። አንድ አቶም ከቦታው ሲጎድል ኤሌክትሮኑ መንገድ ላይ ማረፊያ ያገኛል፤ የሚለቀው ጉልበትም ያንሳል፤ ጉልበቱ ሲያንስ የብርሃኑ ሞገድ ይረዝማል፣ አረንጓዴም ይሆናል። የጎደለው ኦክስጅን ነው ወይስ ዚንክ የሚለው ዛሬም ያከራክራል። ቅንጣቱ ባነሰ ቁጥር ደግሞ ከውጭኛው ገጹ ላይ የሚገኙት አቶሞች ድርሻ ይጨምራል፤ ጉድለት የሚበዛውም እዚያው ነው። እባካችሁ ይህንንም ጻፉልን። ተማሪዎቼ ያነቧችኋል።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ